የኩዋን ታይሎይ ቀኝ ትከሻ

ኩዋን ታይሎይ ከጀልባ ሲወርድ የወንዙ ዳር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያየው ሸክሙን ነው። ሰውየው ራሱ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በር ሙሉ ሰው ነው፣ አንገት የሚባል ነገር የለውም። ግን በወፍራም ገመድ አስሮ ቀኝ ትከሻው ላይ ያንጠለጠላቸው የስም ሰሌዳዎች ከእሱም ይበልጡ ነበር፤ ከባድ ከባድ፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈባቸው፣ ከየከተማው የትግል ቤት ደጃፍ የተነቀሉ። በዚህች በሹንዳክ ከተማ ይህን አይቶ ነገሩ የማይገባው ሰው የለም። የትግል ቤት ሰሌዳ የሚወርደው ቤቱ ሲሸነፍ ነው። አሸናፊው ነቅሎ ይወስደዋል፣ ቤቱም በዚያው ይዘጋል፣ አለቀ።

«ወይ ጉድ! ይሄ ደግሞ የማንን ቤት ሊያፈርስ መጣ?» አለች የሩዝ አጥሚት ሻጯ እትዬ ዪፕ፣ ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ ረስታ።

ለማወቅ ብዙ አልቆየችም። ሰውየው ግራ ቀኝ ሳያይ ሄዶ የትግል ቤት ባላቸው በመምህር ሉክ በር ላይ ቆመ።

ታም ሙይፉንግ በዚያ ሰዓት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ወለምታ ታሽ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ሰሌዳዎቹን ሲያይ እግሩን ከእጇ መንጭቆ ወለምታውንም ረስቶ እብስ አለ። እሷ ቀና ስትል ፊቷ ላይ ጥላ ወድቋል።

«ሉክ የሚባለው እዚህ ነው?» አለ ሰውየው።

«ሉክ የሚባሉት፣» አለች ሙይፉንግ፣ «እዚህ ናቸው። ምን ነበር?»

«ሰሌዳውን ላወርድ ነው የመጣሁት።»

እንዲህ ነው እንግዲህ! እንደ ዕቃ አመላላሽ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሙይፉንግ ተነሥታ በሩ መሃል ቆመች። ምክንያቱም ያ ሰሌዳ ለእሷ ጌጥ አልነበረም፤ ጣሪያዋ ነው። ሙይፉንግ በወጣትነቷ ጸጉሯን በገዛ እጇ ወደ ላይ አበጥራ፣ እጣን አጭሳ፣ ባል አላገባም ብላ የማለች ሴት ናት። በሹንዳክ የሐር መፍተያ ቤት ሠራተኞች ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግማሹ መንደር ነው እንዲህ የማለው። ታዲያ እንዲህ የማለች ሴት አባቷ ቤት ተመልሳ ማርጀት አትችልም፤ ነውር ነው። የሐር ዋጋ ወድቆ መፍተያ ቤቱ ሲዘጋ ጓደኞቿ በየፊናቸው ተበተኑ። እሷን ያስጠጓት መምህር ሉክ ናቸው። እጇን አገላብጠው አይተው፣ «በፈላ ውሃ ውስጥ የሐሩን ጫፍ ፈልጎ የሚያገኝ ጣት፣ የሰው ገላ ላይ ምን ያቅተዋል?» አሏትና ከኋላ ያለችውን ክፍል ሰጧት።

የመምህር ሉክ ሙያ በር መምታት ነው። በሰው ገላ ላይ ደምና እስትንፋስ የሚመላለስባቸው በሮች አሉ፤ አዋቂ ጣት ቦታውን አግኝቶ ከመታው ይዘጋሉ፣ ክንድ ይሰንፋል፣ እግር አልታዘዝ ይላል። አዋቂ ጣት መልሶም ይከፍታቸዋል። ሰው ሉክን የሚፈራው መዝጋቱን ያውቃሉ ብሎ ነው፤ የሚወዳቸው ደግሞ ስለሚከፍቱለት። ሙይፉንግን ግን ያስተማሯት መክፈቱን ብቻ ነበር። «መዝጋቱስ፣ መምህር?» ባለቻቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ «ቀኑ ሲደርስ፣ ልጄ።» ወንዶቹ ደቀ መዛሙርት ሁሉ ሥራ ፍለጋ ሆንግ ኮንግ ሄደው ቀሩ፣ እሷ ብቻዋን ቀረች፣ ዓመት መጥቶ ዓመት ሄደ፣ ቀኑ ግን አልደረሰም። ሴት ስለሆንኩ ነው እያለች አንጀቷ ይቃጠላል። እሳቸውን ግን ትወዳቸዋለች፤ ምን ታድርግ።

መምህር ሉክ ከውስጥ ወጡ። ሸምግለዋል፤ ጺማቸው ሳስቷል፣ የሚራመዱት ወለሉን እያባበሉ ነው። ሰሌዳዎቹን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ ከዚያ በጣም ትሕትና ባለው ድምፅ፣ «ሻይ ይቅረብልህ?» አሉ።

«ሻይ አልፈልግም። ትከሻዬን ነው የምፈልገው!» ብሎ ጮኸ ኩዋን። ድምፁን የሰማ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤትም ባዶ ሆኗል። «የዛሬ ስንት ዓመት በዘንዶ ጀልባ በዓል ላይ፣ ግርግር መሃል፣ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ በዣንጥላ ጫፍ እዚህ ጋ ወጋኝ። በማግስቱ ክንዴ ታመመ። ያው ታሞ ቀረ። ከደረቴ በላይ አይወጣም! ራሴን ማከክ አልችልም! በሬን ዘግቶብኛል። የዘጋ ይክፈት ነው ሕጉ፤ ከዘጋው እጅ በቀር የሚከፍት የለም። ስለዚህ በር መቺ ነኝ የሚለውን ሁሉ እየዞርኩ እፈልጋለሁ። ‹እኔ ነኝ› ብሎ የሚያምን የለም። የማያምን ሰሌዳውን ያጣል።»

ሰዉ ‹እውነቱን ነው› እያለ ራሱን ነቀነቀ። ሕጉን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ ከወንዙ ወዲያም ወዲህም የዘጋ ይክፈት ነው የሚባለው። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም እንጂ።

«እኔ ዣንጥላ ይዤ በዓል አልሄድኩም፣» አሉ መምህር ሉክ።

«ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚለው። ይውጡና እንጋጠም!»

«አይሆንም!» አሉ የሻይ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ቹንግ፣ እንዲህ ባለው ነገር ሁሉ ዳኛ የሚሆኑት። «ወግ አለ። ወደ መምህሩ የሚኬደው በደቀ መዝሙሩ አልፎ ነው። መጀመሪያ ደቀ መዝሙራቸውን ጣል።»

«የታለ?»

ሰው ሁሉ ወደ ሙይፉንግ ዞረ። ሙይፉንግ ከኋላዋ ሌላ ሰው ካለ ብላ ዘወር አለች። ማንም የለም።

«ይቺ?» አለ ኩዋን። «ኧረ በሕግ! ሴትዮዋን ብመታት ዝናዬ ምን ይሆናል?»

«ካልመታሃት ሂድ ወደ ጀልባህ!» አለችው እትዬ ዪፕ። ሳቅ ሆነ።

ሙይፉንግ መምህሯን ጎተት አድርጋ በሹክሹክታ፣ «አሁንም ቀኑ አልደረሰም?» አለቻቸው። «አንድ ብቻ፣ መምህር። አንድ መዝጊያ ብቻ ያሳዩኝ። ክንዱን ባሰንፍበት ይበቃኛል።»

ሉክ ዓይኗን ማየት አልቻሉም። «የምታውቂውን ሥሪ፣» አሏት።

አቤት የዚያን ጊዜ የተናደደችው! ባታከብራቸው ኖሮ የሻይ ጀበናውን አናታቸው ላይ ትሰብርባቸው ነበር። ጣሪያው በላያችን ሊፈርስ ነው፣ እሳቸው አሁንም ይደብቁኛል፤ እሺ፣ ይፍረስ፣ አለች በልቧ። እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ሻይ ቤቱ አደባባይ ወጣች።

ኩዋን ሰሌዳዎቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መጣ። መጀመሪያ ላይ እንደ ዝንብ እሽ ሊላት ነው የሞከረው። ግራ እጁን ሰደደ፣ ዝቅ ብላ አለፈች። እንደገና ሰደደ፣ እንደገና አለፈች። መምታቱን አላስተማሯትም እንጂ ማምለጡንስ ተክናበታለች፤ በሐር መፍተያው ቤት በፈላ ድስት መካከል ስትሽሎከሎክ ነው ያደገችው። ስታመልጠው ግን አንድ ነገር ታያለች። ቀኝ ክንዱ ከጎኑ አይላቀቅም። ሲዞር ትከሻውን ከነጀርባው አንድ ላይ ነው የሚያዞረው። እና ባዞረ ቁጥር፣ በጣም ትንሽ፣ የዓይኑ ጥግ ይጨማደዳል።

ያመዋል፣ አለች ሙይፉንግ በልቧ። በእውነት ያመዋል።

በዚያች ቅጽበት እጇ ያደረገውን ራሷ አላሰበችበትም። ኩዋን ሲወረወር በብብቱ ሥር ሾለከችና ሁለት ጣቷን ከትከሻው አጥንት ጫፍ ሥር ሰክታ ያዘች። ጣቶቿ የተቋጠረውን ነገር አገኙት፤ እንደ ደረቀ ሊጥ ድርቅ ብሏል። ተጫነችው፣ አዞረችው፣ ለቀቀችው።

«እህህህ…» አለ ኩዋን።

የሕመም ድምፅ አልነበረም። ከኋላ አንዱ ኪክ ብሎ ሳቀ።

«ምን አደረግሽኝ?»

«ቁም፣ አትንቀሳቀስ!» አለችው፣ ልክ ለበሽተኛ እንደምትናገረው፤ ጠብ ላይ መሆኗን ረስታዋለች። በድጋሚ ሾልካ በአንገቱ ሥር ያለውን ያዘች። የሰውየው ጉልበት ትንሽ ታጠፈ። ቡጢውን ሰደደባት፣ ግን ቡጢው መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረ።

«ግጠም እንጂ አንተ! ምን ታንቀላፋለህ?» ብሎ ጮኸ አንድ ጀልባ ቀዛፊ።

«አላንቀላፋሁም!» አለ ኩዋን፤ ዓይኑ ግን ግማሹ ተከድኗል።

«ኧረ እኔም ልጋጠማት፣ ወገቤን ይዞኛል!» አለች እትዬ ዪፕ። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ይህ ሳቅ ነው ኩዋንን ያነቃው። ፊቱ ደም መሰለ፣ አጓራ፣ በሙሉ ንዴቱ ቀኝ ክንዱን እስከቻለው አንሥቶ ሊወርድባት ተነሣ። ሙይፉንግ ከጀርባው ዞራ የመጨረሻውን፣ የትከሻውን ማጠፊያ፣ በአውራ ጣቷ ገፋችው። አንድ ነገር ቀጭ አለ። እጁ ወደ ላይ ሄደ እንጂ አልወረደም። ኩዋን ቀና ብሎ አየ፤ ቀኝ ክንዱ ከአናቱ በላይ፣ ሰማይ ላይ ቆሟል።

ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። አውርዶ መልሶ አነሣው። ራሱን አከከ። የሚያሳክከው ነገር ስላለ አይደለም፤ ዝም ብሎ አከከ፣ አከከ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሙይፉንግ ደስ አላት። ሰሌዳውንም ጣሪያዋንም ረስታ ደስ አላት፤ እንዲያው ልታጨበጭብ ዳዳት።

አይ፣ ያቺ ደስታ! ትንፋሽ አልሞላችም።

«እናንተ ናችሁ!» አለ ኩዋን፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «የዘጋ ይክፈት! ከፍታዋለች፤ ስለዚህ የዘጋው ይህ ቤት ነው! ሕይወቴን ያበላሸው ይህ ቤት ነው!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሕጉ ሕጉ ነዋ! ጋሽ ቹንግ ፊታቸው ጠቆረ። ተደብቆ የሰው በር መዝጋት ከመሸነፍም የከፋ ነው፤ እንዲህ ያደረገ ቤት ሰሌዳው ወርዶ ይቃጠላል፣ መምህሩም ከከተማ ይወጣል።

«ሉክ፣» አሉ ጋሽ ቹንግ፣ «ምን ትላለህ?»

ሙይፉንግ መምህሯን አየቻቸው። እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ ቆሙ። ከዚያ ወለሉን ማባበሉን ትተው አደባባዩ መሃል ድረስ መጡ።

«መዝጋት አላውቅም፣» አሉ።

«ምን?»

«መዝጋት አላውቅም አልኩ። አላውቅም! መምህሬ መክፈቱን አስተምረውኝ መዝጋቱን ሳያሳዩኝ ሞቱ። ሰዉ ያውቃል ብሎ አወራ፣ እኔም ዝም አልኩ። አንድም ሰው ዘግቼ አላውቅም። ብፈልግም አልችልም። ዶሮ እንኳ መዝጋት አልችልም።»

 መጀመሪያ የተናገረችው እትዬ ዪፕ ናት።

«እና እኔ፣» አለች፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ያቺን ጣትዎን ፈርቼ ሁለተኛ ጭልፋ ስጨምርልዎ የኖርኩት በከንቱ ነው?»

«ጣፋጭ አጥሚት ነው፣» አሉ ሉክ በሃፍረት።

ሙይፉንግ ክው ብላ ቀረች። ‹ቀኑ ሲደርስ፣ ልጄ።› ቀን የሚባል ነገር አልነበረም! ሴት ስለሆነችም አልነበረም። ማልቀስ ፈለገች፣ መሳቅም ፈለገች። አሁን ግን ጊዜው አይደለም፤ ሰውየው ገና ቡጢውን እንደጨበጠ ነው።

«ውሸት ነው!» አለ ኩዋን። «እናንተ ካልዘጋችሁት ማን ዘጋው?»

ሙይፉንግ ቀረብ አለችው። በሽተኛዋ ነዋ፤ ምን ትፈራዋለች?

«ያ ዣንጥላ ከወጋህ በኋላ ምን አደረግክ?»

«በከተማዬ ያለውን በር መቺ ሄጄ ገጠምኩት። አሸነፍኩት። ሰሌዳውን ወሰድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ወደሚቀጥለው ከተማ ሄድኩ። የዚያንም ወሰድኩ።»

«በምን ተሸክመህ?»

«በትከሻዬ ነዋ፤ በራሴ ልሸከመው?»

«በየትኛው ትከሻ?»

ኩዋን እጁን ወደ ቀኝ ትከሻው ሰደደ።  ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ ወደ ተደገፉት ሰሌዳዎች ዞረ፤ ሰዉም ሁሉ አብሮት ዞረ። ገመዱ ልብሱን ቀኝ ትከሻው ላይ አሳስቶ፣ አሳስቶ፣ በመጨረሻ ቀዶታል።

ጀልባ ቀዛፊው ሄዶ አንዱን ሰሌዳ ለማንሣት ሞከረና፣ «እናቴን! ይሄ ሰሌዳ ነው ወይስ የቤተ መቅደስ ምሰሶ?» አለ።

«የዣንጥላው ሕመም፣» አለች ሙይፉንግ ለስለስ ብላ፣ «ብትተወው በሳምንት ይለቅህ ነበር። ማንም አልዘጋህም፣ ወንድሜ። ማንም። አንተ ነህ በሩ ላይ ቁጭ ብለህ የኖርከው።»

ጋሽ ቹንግ ሳቃቸውን በእጅጌያቸው ሸፈኑ። እትዬ ዪፕ ግን የምትሸፍነው ነገር የላትም፤ ከት ብላ ሳቀች፣ ጀልባ ቀዛፊውም ተከተላት፣ አደባባዩ ሁሉ ተናጋ። ኩዋን መሃል ላይ ቆሞ፣ ፊቱ ግራ ተጋብቶ፣ ያን ሁሉ ከተማ፣ ያን ሁሉ ቡጢ፣ ያንን ሁሉ የተዘጋ ቤት አንድ በአንድ በዓይነ ሕሊናው የሚያይ ይመስላል። ሙይፉንግ አሳዘናት።

እሱ ግን አደባባዩን አቋርጦ ወደ መምህር ሉክ በር ሄደ። ሳቁ እየከሰመ መጣ። ከሰሌዳው ሥር ቆመ፤ ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው፣ ረጅም ሰው ክንዱን ሙሉ በሙሉ ካልዘረጋ አይደርስበትም። ኩዋን ቀኝ ክንዱን ዘረጋ። ደረሰ።  ሊነቅለው ነው። ክንዱን የከፈትኩለት ይህንኑ እንዲያደርግበት ነው፤ የት ልግባ? አለች ሙይፉንግ በልቧ።

ኩዋን በእጅጌው የሰሌዳውን አቧራ ጠረገ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ፊደል በፊደል፣ ወርቁ ብልጭ እስኪል ጠረገ። ከዚያ እጁን አውርዶ ለሙይፉንግ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ለመምህሩ ደግሞ በመጠኑ።

«የሌሎቹንስ ምን ታደርጋቸዋለህ?» አሉት ጋሽ ቹንግ።

«ምን አደርጋለሁ፤ ለየባለቤታቸው እመልሳለሁ፣» አለ ኩዋን፣ እንደ ተማሪ አቀርቅሮ። «ይቅርታም እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ይመቱኛል።»

ይህን ብሎ ገመዱን አንሥቶ ከልማዱ የተነሣ ወደዚያው ወደ ቀኝ ትከሻው ሲያስጠጋው፣ አደባባዩ ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ «ኧረ በጀልባ!» ብሎ ጮኸበት። ቀዛፊው እየተሳደበ፣ እየሳቀም፣ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ተቀብሎ ጫነለት። እትዬ ዪፕ አንድ ሙሉ ሳህን አጥሚት ይዛ መጥታ ካልጠጣህ አትሄድም አለችው። በቀኝ እጁ ጠጣ። እጁን ወደ አፉ ከፍ ባደረገ ቁጥር ፈገግ ይላል፤ ጀልባዋ ስትርቅም ገና ክንዱን እያወዛወዘ ነበር፤ ስንብት ይሁን ደስታ እንጃ።

ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ወረፋ ነበር። ወገብ፣ አንገት፣ ጉልበት፤ ጠዋት እብስ ያለው ዓሣ አጥማጅም እያነከሰ ተመልሶ መጥቷል። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ሙይፉንግን ነው የምፈልገው።» ሉክ ማንም ሳይጠራቸው ከበርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩ ዋሉ። የመጨረሻው ሰው ሲሄድ እሷ እጇን ታጥባ አደረቀች።  ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ለምን ዋሹኝ?» አለች። «‹አላውቅም› ቢሉኝ ምን ነበረበት? ሴት ስለሆንኩ የናቁኝ መስሎኝ ስንት ቀን አልቅሻለሁ!»

ሽማግሌው ጺማቸውን ያዙ። 

«ወንዶቹ ሁሉ መዝጋቱን ሊማሩ ነበር የመጡት፣» አሉ። «እንደማላውቀው የገባቸው ቀን ‹ሥራ ፍለጋ› ብለው ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። አንቺም እንዳትሄጂብኝ ፈራሁ።»

ሙይፉንግ ይህን ስትሰማ ሆዷ ባባ። ስንት ሌሊት እሷም ያንኑ ፈርታ ስትገላበጥ አድራለች፤ አንድ ቀን አርጅተው፣ ወይም ሰልችተዋት፣ «በይ ልጄ፣ መንገድሽን» ቢሏት ወዴት እንደምትሄድ እያሰበች። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው፣ ሁለቱም አንድ ነገር ሲፈሩ ኖረዋል። አፏን በእጇ ይዛ ከት ብላ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ።

«ኧረ የት አባቴ እሄዳለሁ፣ መምህር!» አለቻቸው።